ሁለት «ሰርዝ» በአንድ ስክሪን ላይ፦ ጅማ ውስጥ የአንድ ሶፍትዌር ማኑዋል እርማት

ባለፈው ሰሞን አንድ ወዳጄ የሶፍትዌር ማኑዋል ላከልኝና «ፊደሉን ብቻ እይልኝ» አለኝ። እኔም ድሮ ስራው ይሄ ይመስለኝ ነበር። ጅማ ላይ የገጠመኝን ጉዳይ በቴሌግራም ልጽፍለት ጀምሬ በጣም ረዘመብኝ፣ በቃ ለሌላውም ይሁን ብዬ ሙሉውን እዚህ አስቀምጬዋለሁ። የሰውም የድርጅትም ስም አልጠራም።

ቦታውና ሰዎቹ

ከፈረንጅ አራዳ በባጃጅ ትንሽ ወጣ ብሎ ያለ የቡና መጋዘን ነው። ባለቤቱ አቅራቢ ነው፣ ከአጋሮና ከሰቃ በኩል ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) ሰብስቦ ያመጣል፣ ያስፈለፍላል፣ ወደ አዲስ አበባ ይጭናል። ከህዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ እዛ ግቢ ቀንና ማታ አይለይም፣ አንዱ አይሱዙ ሳይወጣ ሌላው በር ላይ ክላክስ ያደርጋል።

ሲስተሙን የሚነኩት ሁለት ሰዎች ናቸው። መጋዘን ያዡ እድሜያቸው የገፋ፣ ቡና ውስጥ ያረጁ ሰው ናቸው፣ ጋሼ እያልኩ ነው የምጠራቸው። ፀሐፊዋ ደሞ በአካውንቲንግ ዲፕሎማ ያላት ቀልጣፋ ልጅ ናት። በወቅቱ ጊዜ አንድ ሁለት ጊዜያዊ ሰራተኛ ይጨመራል። ሶፍትዌሩ አዲስ አበባ ካለ ትንሽ ድርጅት የተገዛ ነው፣ ስክሪኑ በአማርኛ፣ አብሮት 64 ገጽ ያለው ስፓይራል የተደረገ ማኑዋል አለ።

ማኑዋሉን መጀመሪያ ያየሁት የስኒ ማስቀመጫ ሆኖ ነው። ገልበጥ ሳደርገው ግን አንድ ነገር አየሁ፣ ከገጽ 20 እስከ 26 ያለው በጣት ቆሽሾ ጠርዙ ተጣጥፏል፣ ሌላው ገና ከማተሚያ ቤት እንደወጣ ነው። 64 ገጽ ተጽፎ ሰው የሚያነበው 7 ገጽ ነው ማለት ነው። ይሄን ያኔ በደንብ አስቤበት ቢሆን አንድ ወር ይተርፈኝ ነበር።

የተጠራሁት ለሌላ ጉዳይ ነበር

ታህሳስ 2016 ላይ ባለቤቱ ደወለልኝ። «ሰው ሲስተሙ ውስጥ እየገባ ሞዴል 19 እያጠፋብኝ ነው፣ ና እይልኝ» አለ። ሞዴል 19 ያው ዕቃ ገቢ የሚደረግበት ደረሰኝ ነው፣ ሲወጣ ደሞ ሞዴል 22። ሶስት ሞዴል 19 ተሰርዟል። ከዛም በላይ ባለቤቱን ያስጨነቀው የየቀኑ ድምር ሾፌሮቹ ከያዙት ወረቀት ጋር አለመግጠሙ ነው፣ አንዱ ቀን ይጎድላል ማግስቱን ይበዛል። አፍ አውጥቶ አይበል እንጂ ጋሼን ነበር የጠረጠረው። እሳቸውም ገብቷቸዋል። ግቢው ውስጥ የነበረው ዝምታ ደስ አይልም ነበር፣ ቡና እንኳን ለየብቻ ነበር የሚጠጣው።

ሎጉን፣ ማለትም ሲስተሙ ማን መቼ ምን እንደነካ የሚይዝበትን መዝገብ፣ ሳይ ሶስቱም የተሰረዙት በፀሐፊዋ ስም ነው፣ በግልጽ፣ ፎርሙ በተከፈተ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ። ሌባ በራሱ ስም ገብቶ እንደዚ አይሰራም። ስለዚ ምንም ሳልላት «እስኪ አንድ ደረሰኝ ከፍተሽ ሳትጨርሺ ስትወጪ አሳዪኝ» አልኳት። ማኑዋሉን ገጽ 23 ላይ ገለጠች፣ እንዲህ ይላል፦

«ሂደቱን ለማቋረጥ ሰርዝ የሚለውን ይጫኑ።»

ስክሪኑ ላይ ሁለት ሰርዝ አለ። ከታች ያለው ምንም ሳይመዘግብ ከፎርሙ ያስወጣል። ከላይ በቀኝ ያለው ደረሰኙን ራሱን ይሰርዛል፣ «እርግጠኛ ነሽ ወይ» ብሎ እንኳን አይጠይቅም። በእንግሊዝኛው ሁለቱ የተለያየ ቃል ናቸው፣ ወደ አማርኛ ሲመጡ አንድ ሆኑ። «ወላሂ እኔ መጽሐፉ ያለኝን ነው ያደረኩት» አለች። እውነቷን ነው።

12:00

የድምሩ ጉዳይ ግን ከዚህ የባሰ ነበር። ገጽ 25 ላይ «ሲስተሙ በየዕለቱ 12:00 ላይ ቀኑን በራሱ ይዘጋል» ይላል። የጻፈው ልጅ ስልኩ ላይ ያለውን የፈረንጅ ሰዓት ይዞ እኩለ ሌሊት ማለቱ ነው። ጅማ ላይ ግን፣ ሌላውም ቦታ ቢሆን፣ 12 ሰዓት ካልክ ሰው የሚያስበው ጀምበር ስትጠልቅ ያለውን ነው። እኩለ ሌሊት በኛ 6 ሰዓት ነው። በስድስት ሰዓት ልዩነት አንድ የስራ ፈረቃ ሙሉ ገደል ገባ ማለት ነው።

እና ጋሼ ምን አደረጉ? ከ12 ሰዓት በኋላ የገባውን መኪና ሁሉ በደብተር ጻፉ። ጠዋት ሲመጡ በአዲሱ ቀን ወደ ሲስተም ገለበጡት። ሲስተሙ ግን በዛ ሰዓት ተዘግቶ አያውቅም ነበር፣ ማታ ሶስት ሰዓት ላይም ቢሞክሩት ይቀበላቸው ነበር። አልሞከሩትም፣ ምክንያቱም መጽሐፉ ይዘጋል ብሏል። የቡና ዋጋ ደሞ በየቀኑ ይነቃነቃል፣ ማታ በአንድ ዋጋ የተረከቡት ጀንፈል ጠዋት በሌላ ዋጋ ይመዘገባል። የቀረውን መገመት ቀላል ነው። ደብተሩን አምጥተው ከሾፌሮቹ ወረቀት ጋር ስናመሳክረው አንድ ኪሎ አልጎደለም።

እኔን የገረመኝ ማንም «ይሄ ሲስተም ለምን በጊዜ ይዘጋብናል» ብሎ አለመጠየቁ ነው። ሰው ስህተት የሆነ መመሪያ ሲሰጠው አይጮህም፣ ዘዴ ይፈጥራል። ደብተሩ ዘዴው ነበር።

መጠን ሲባል

ሶስተኛዋ ትንሽ ናት ግን ልጥቀሳት። አንድ ሳጥን ላይ «መጠን» ይላል፣ ማኑዋሉም «መጠኑን ያስገቡ» ብሎ ያልፋል። ሲስተሙ የሚፈልገው ኪሎ ነው። ጊዜያዊ የተቀጠረው ልጅ 12 ብሎ ጻፈ፣ እሱ ፈረሱላ ማለቱ ነው። ፈረሱላ 17 ኪሎ ስለሆነ 204 ኪሎ መሆን የነበረበት 12 ኪሎ ሆኖ ገባ። ይሄኛው በዛው ቀን ስለተያዘ ጠብ አላስነሳም።

የመጀመሪያው እርማት፣ ማለትም የኔ ጥፋት

ባለቤቱ ከሶፍትዌር ሰሪዎቹ ጋር ተነጋግሮ ማኑዋሉን እንዳርም ተስማማን፣ ዎርዱን ላኩልኝ። እኔ ደሞ አማርኛ እወዳለሁ፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሶስት ሳምንት ፈጀሁ። ሁለቱን ሰርዝ ለየሁ፣ ሰዓቱን አስተካከልኩ፣ እዚህ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። አላቆምኩም። ሲስተም የሚለውን ሁሉ «ሥርዓት» አልኩት፣ ሪፖርትን «ዘገባ»፣ ፕሪንትን «አትም»፣ ባክአፕን «መጠባበቂያ ቅጂ»። የምዕራፍ ቁጥሩን እንኳን በግዕዝ አደረኩት፣ ፩ ፪ ፫ እያልኩ። ታትሞ ሲወጣ ሳየው ኮራሁ።

ይዤ ሄድኩ። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ፦ «ሥርዓቱ ምላሽ ካልሰጠ ሥርዓቱን ዘግተው እንደገና ያስነሱ።» ቀና ብለው አዩኝና «አንተ ልጅ፣ ሥርዓት ያዙ ነው የሚለኝ?» አሉ። ፀሐፊዋ ሳቋ አላቆም አለ። ዘገባ ላይ ሲደርሱ «ይሄ የሬድዮ ነው» አሉ። ከ፲ በላይ ያለውን የምዕራፍ ቁጥር ደሞ ከሁለቱም ማንም አላነበበውም፣ እውነቱን ለመናገር እኔም ፲፬ ላይ ትንሽ አሰብኩ።

ሰው አፉ ላይ የሌለ ቃል፣ ስክሪኑ ላይም የሌለ ቃል፣ እኔ ብቻ የምወደው ቃል። ስክሪኑ «ሪፖርት» እያለ ማኑዋሉ «ዘገባ» ሲል ሰውየው ዘገባ የሚል በተን ፍለጋ ይዞራል። አንድ ቃል ማኑዋል ውስጥ ያለው በተን ላይ ካለው በፊደል እንኳን ከተለየ ችግር ነው። ይሄን ለማወቅ ሶስት ሳምንትና የህትመት ወጪ አስከፈለኝ።

ካርቶኑ

የዛን ቀን ልወጣ ስል ሞኒተሩ ጎን ላይ በፕላስተር የተለጠፈ ካርቶን አየሁ፣ ከሲጋራ ፓኮ ትንሽ ሰፋ የሚል፣ በእስክሪብቶ የተጻፈ። የጋሼ ጽሑፍ ነው፦

«የታቹ ሰርዝ = ውጣ። የላዩን እንዳትነካ!!»

ከስሩ ለጊዜያዊ ልጆቹ ብለው በኦሮምኛ «ሂን ቱቂን» ጨምረውበታል፣ አትንካ እንደማለት። ከሶስቱ ስህተት በኋላ ራሳቸው ለጥፈውት ነው እንጂ ማንም አላዘዛቸውም። ቁጭ ብዬ አየሁት። የትኛው በተን እንደሆነ በቦታው ይነግርሃል፣ ምን እንደሚሆን ይነግርሃል፣ ምን ማድረግ እንደሌለብህ ይነግርሃል። እኔ ገጽ 23ን በሶስት አንቀጽ ነበር የጻፍኩት።

ሁለተኛው ዙር

ከዛ በኋላ ቤት ቁጭ ብሎ ማረም ተውኩ። ለአስራ አንድ ቀን ያህል ከሰዓት በኋላ መጋዘኑ እየሄድኩ ከጎናቸው መቀመጥ ጀመርኩ። ህጉ አንድ ነው፣ ወረቀቱን እሰጣለሁ፣ ስራው ይሄ ነው እላለሁ፣ ከዛ አልናገርም። አለመናገር ከባድ ነው፣ ሰው ሲሳሳት እያየህ ምላስህን መንከስ አለብህ።

ያየሁት ነገር ይሄ ነው። ጋሼ የግራ ጣታቸውን መስመሩ ላይ አድርገው በቀኝ ማውሱን ይይዛሉ። ስክሪኑን ለማየት ቀና ሲሉ ጣታቸው ይንሸራተታል፣ ሲመለሱ መስመሩን አያገኙትም፣ ከአንቀጹ አናት ይጀምራሉ። ስለዚ አንቀጽ የሚባል ነገር ጠፋ፣ አንድ መስመር አንድ ስራ ሆነ፣ ቁጥሩ በ1 2 3።

ሁለተኛ፣ በኛ ቋንቋ ግሱ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ይሄ ለወሬ ያምራል፣ ለመመሪያ ግን ወጥመድ ነው። የድሮው እንዲህ ይል ነበር፦

«ሚዛኑ ዜሮ መሆኑን ሳያረጋግጡ አዲስ የሚለውን በመጫን መዝገብ መክፈት እንደሌለብዎት ልብ ይበሉ።»

ፀሐፊዋ «አዲስ የሚለውን በመጫን» ላይ ስትደርስ ጣቷ ጭኖታል። «እንደሌለብዎት» የምትለው ክልከላ ስትመጣ ስራው አልቋል። አሁን እንዲህ ይላል፦

«1. ሚዛኑ ዜሮ ይበል።
2. ከዛ አዲስ የሚለውን ይጫኑ።»

ሶስተኛው «አስገባ» ነው። ይሄ ቃል በማኑዋሉ ውስጥ ሶስት ነገር ይሰራ ነበር፣ ቁጥር መጻፍም ማስገባት ነው፣ ቡና መረከብም ማስገባት ነው፣ ፎርሙን መጨረስም አስገባ የሚል በተን ነው። «ቡናውን ካስገቡ በኋላ ክብደቱን አስገብተው አስገባ የሚለውን ይጫኑ» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ ስላችሁ አላጋነንኩም። የሚጻፈውን «ይጻፉ» አልነው፣ ቡናውን «ይረከቡ»፣ አስገባ ለበተኑ ብቻ ቀረ። «የተጣራ ክብደት» የሚለውም ጋሼ ዘንድ የተበጠረና የተለቀመ ቡና ማለት ሆኖ ተገኘ፣ «ጆንያ ተቀንሶ» ብለን ተገላገልን። መጠን የሚለው «ክብደት በኪሎ» ሆነ። ሰዓቱ ደሞ «ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ይዘጋል፣ ማታ የገባ መኪና በዛው ቀን ይመዝገብ» ተባለ። የመጨረሻዋን ሀረግ የጨመሩት ጋሼ ናቸው፣ በጣም ጠንከር አድርገው።

ፊደሉ ላይም አንድ ነገር ነበር። ፀሐፊዋ ማኑዋሉን ስልኳ ላይ በፒዲኤፍ ይዛዋለች፣ «ሂሳብ» ብላ ስትፈልግ አራት ቦታ ብቻ ያመጣላታል፣ ሌላው ሁሉ «ሒሳብ» ተብሎ ነው የተጻፈው። ለሰው አይን አንድ ነው፣ ለኮምፒውተር ግን ሂ እና ሒ ሁለት የተለያየ ፊደል ነው፣ ሰ እና ሠም፣ አ እና ዐም እንዲሁ። ለአንድ ቃል አንድ አጻጻፍ መረጥን። የተመረጠው ሰው ስልኩ ላይ ሲፈልግ የሚጽፈው ነው፣ ሥርወ ቃሉ የሚለው አይደለም። አንድ አስተማሪ ወዳጄ በዚህ እስካሁን ይወቅሰኛል። ስለ ሚዛኑ ኬብል የሚያወራው ምዕራፍ ደሞ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደል የሚለዩበት የጋራ ኮድ) ባልሆነ የድሮ ፎንት ስለተጻፈ ኮፒ ስታደርገው የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆናል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው 1999 እኤአ ነው፣ እስካሁን የድሮ ፎንት የሚጠቀም መኖሩ ያስገርማል፣ ለማንኛውም ምዕራፉን እንደ አዲስ ተየብኩት።

ከሰሪዎቹ ጋር

ሶፍትዌር ሰሪዎቹ «ማኑዋሉ ላይ ብቻ አስተካክለው፣ በተኑን ከነካን ሌሎች ደንበኞች ጋር ችግር ይፈጥራል» አሉ። ክፋት የለባቸውም፣ ስራ በዝቶባቸው ነው። ግን ሁለት ሰርዝ ያለበትን ስክሪን በጽሑፍ ማዳን አይቻልም፣ «የታቹ ሰርዝ» «የላዩ ሰርዝ» እያልክ እስከ ስንት ገጽ ትሄዳለህ። በስልክ መጨቃጨቁ ሲያልቅብኝ ፀሐፊዋ ስትሰራ የሚያሳይ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ቀድቼ ላኩላቸው፣ ማውሷ ከላይኛው ወደ ታችኛው ሶስቴ ሲመላለስ ይታያል። ምንም አልጻፍኩበትም። በማግስቱ ደወሉ።

የአንድሮይድ ስልክን ቋንቋ ወደ አማርኛ ስትቀይረው ለመተው የሚለው «ይቅር» ነው፣ ሰው ለምዶታል፣ የታቹ በተን እሱን ሆነ። የላዩ ሰርዝ እንደሆነ ቀረ፣ ግን አሁን የደረሰኙን ቁጥር ጠርቶ ይጠይቃል፣ መልሱም «አዎ ይሰረዝ» እና «አይ ይቆይ» ነው። አዎ እና አይ ብቻ ቢሆን ሰው ጥያቄውን ሳያነብ አዎን ይነካል፣ ይሄንንም በአይናችን ነው ያየነው።

ፀሐፊዋ አንድ ሌላ ቅሬታ ነበራት፣ «ሰርዝ፣ አስገባ፣ ምረጥ እያለ የሚያዘው ወንድ ነው፣ እኔን አያውቀኝም» ትላለች በቀልድ። «መሰረዝ» «ማስገባት» ይባል ብዬ ሞከርኩ፣ ከበተኑ ውስጥ ወጥቶ ተቆረጠ። ማኑዋሉን በ«ይጫኑ» አደረግነው፣ ስክሪኑ እንዳለ ቀረ።

ምን ሰራ፣ ምን አልሰራ

በ2017 ወቅት በስህተት የተሰረዘ ሞዴል 19 አንድ ብቻ ነው፣ እሱም በጊዜያዊ ሰራተኛ። ደብተሩ ቀረ። ማኑዋሉ 64 ገጽ ከነበረው ለመጋዘኑ የሚሰጠው 9 ገጽ ሆነ፣ የቀረው ቢሮ ተቀመጠ። ባለቤቱ ጋሼን ይቅርታ ይጠይቅ አይጠይቅ አላውቅም፣ ቡና ግን አብረው ሲጠጡ አይቻለሁ።

ያልሰራው፦ ከኋላ ያያያዝኩት የቃላት መፍቻ አንድም ጊዜ አልተከፈተም። ለሰሪዎቹ ግን ጠቅሟቸዋል፣ አዲስ ስክሪን ሲሰሩ ከሱ ነው የሚወስዱት፣ ስለዚ ቦታው እነሱ ጋር ነበር። ስክሪንሾቶቹ ላይ ያለው ቀን የፈረንጅ ነበር፣ ስክሪኑ ግን የኛን ነው የሚቀበለው፣ ይሄን ያየሁት ከታተመ በኋላ ስለሆነ በእስክሪብቶ ነው ያረምነው። የኦሮምኛውን ጉዳይ ደሞ ሙሉ በሙሉ ዘለልኩት። ጊዜያዊ ልጆቹ እርስ በርሳቸው የሚያወሩት በኦሮምኛ ነው፣ ያቺ አንዷ ስህተትም ከነሱ ነው የመጣችው፣ ካርቶኑ ከመጀመሪያው ነግሮኝ ነበር።

ይሄን ስራ ለሚጀምር

ማኑዋል ሲሰጣችሁ መጀመሪያ የቆሸሸውን ገጽ ፈልጉ፣ እዛ ጀምሩ። ቀጥሎ ተጠቃሚው በራሱ የጻፈውን ነገር ፈልጉ፣ ካርቶን፣ ደብተር፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት፣ ስልክ ውስጥ ያለ ፎቶ፣ የማኑዋሉ ቀዳዳ ያለው እዛ ነው። አንድ ቃል ስንት ስራ እንደሚሰራ ቁጠሩ፣ ከአንድ በላይ ከሆነ ለዩት። ሰዓት ስትጽፉ ጠዋት፣ ማታ፣ ሌሊት የሚለው ሳይኖር ቁጥር ብቻውን እንዳታስቀምጡ። ቃሉን ከመጠየቅ ሲሰሩ ማየት ይሻላል፣ «ገብቶሃል?» ብትሉት ሁሉም ገብቶኛል ነው የሚለው፣ በተለይ ሽማግሌ ፊት ወጣት ወይ ወጣት ፊት ሽማግሌ ከሆነ። በተኑ ራሱ ስህተት ከሆነ ደሞ ማኑዋሉን አታሳምሩት፣ ለሰሪው ቪዲዮ ላኩለት።

አሮጌውን ኮፒ ሰብስቡ። እኛ አዲሱን ለአጋሮው መረከቢያ ልከን አሮጌውን አላስመለስንም፣ እዛ ያለው ላፕቶፕ ደሞ ኢንተርኔት ስለማያገኝ አፕዴቱ ዘግይቶ ነው የደረሰው። በጥር መጨረሻ ለሌላ ጉዳይ የላኩልኝን ፎቶ ሳይ ከሚዛኑ ጎን ያ ስፓይራል ማኑዋል ተገልጦ ተቀምጧል፣ ገጽ 25 ላይ። ወዲያው ደወልኩና ማታ የገባ መኪና የት እንደሚመዘግቡ ጠየቅኳቸው። «በደብተር» አሉኝ።